ለሞቱ ንቦች የተቆረጠ ቀጠሮ

ለተከበሩ የንብ ጤናና የፍራፍሬ ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደህና ነኝ። ከሃያ ሁለት ቀፎዎቼ አሥራ ዘጠኙ አልቀው፣ የተረፉት ሦስቱ ሰላምታ ያቀርቡልዎታል። ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍያለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር ከአጥሬ ማዶ ያለው የማዕከልዎ የፍራፍሬ ማሳ አበባው ፍክት ብሎ፣ ንቦቼም አንድ ሳይቀሩ ሥራ ላይ በነበሩበት ረፋድ፣ የመርጫ ክፍልዎ የተባይ መድኃኒቱን ሳይሰስት ስላርከፈከፈው እግዜር ይስጥልኝ። ከሰዓት በኋላ ንቦቹ በየቀፏቸው በር ምላሳቸውን አውጥተው እንደ ፈሰሰ እህል ተከምረው አገኘኋቸው። ታላቅ እህቴ በመጥረጊያ እየሰበሰበቻቸው፣ እንግዲህ ዘንድሮ ማር የምንጠብቀው ከዝንብ ነዋ አለችኝ።

ሁለተኛ፣ ሬሳቸውን በጠርሙስ፣ ጠርሙሱን በበረዶ ይዤ በማግስቱ ስደርስ፣ ናሙና ተቀባይዋ በትሕትና ለሟቾቹ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ስለቆረጡልኝ። ማቀዝቀዣው በሠራተኞች ምሳ ተይዞ ስለነበር ጠርሙሱ ፀሐይ በማያጣው የመስኮት ደፍ ላይ ተቀመጠ። በቀጠሮው ቀን የተሰጠኝ ውጤት «ናሙናው በመበስበሱ የሞቱ ምክንያት ሊታወቅ አልቻለም፤ አርቢዋ ንጽሕናዋን ትጠብቅ» ይላል። ታጥቤያለሁ።

ሦስተኛው እንኳ ምስጋና ሳይሆን ግርምት ነው። የንብ ጤና ክፍልና የመርጫ ክፍል በራቸው ፊት ለፊት ነው፤ ሻይም ከአንድ ማንቆርቆሪያ ይቀዳሉ። የንብ ሐኪሙን፣ ርጭት መኖሩን ጎረቤቶችዎ አልነገሩዎትም ወይ ብላቸው፣ እኛ የምንነጋገረው በደብዳቤ ነው እትዬ፣ ደብዳቤው ደግሞ መዝገብ ቤት ነው አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ማዕከልዎ ባሳተመው ጥናት የንቦች እልቂት መንስኤ እጅግ ውስብስብ ነው ተብሏል። እውነት ነው፤ ኮሪደሩ ሁለት እርምጃ ይሰፋል።

አራተኛ፣ ሁለተኛው ዙር ርጭት በመጪው ሐሙስ ረፋድ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ የነገሩኝም ባለሙያዎችዎ ሳይሆኑ የመርጫው መኪና ሾፌር ናቸው። ሦስቱ ቀፎዎች ካለቁ ለዘር የምትሆነኝ አንዲት አውራ ንብ እንኳ አትተርፈኝም፤ የሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ርጭቱ ፀሐይ ጠልቃ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ይሁንልኝ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ተባዩ እንደሆነ ሰዓት አይመርጥም፤ ማታም ይሞታል።

ማዕከልዎ የሚያጠናው እልቂት እንዳይጎድልበት የአሥራ ዘጠኝ ቀፎ ሬሳ ያስረከበች፣

ታዛዥዎ ንብ አርቢ፣ ከአጥር ማዶ

ማሳሰቢያ፦ ፖስታውን ሳላሽግ «ንቦቻችንን እንታደግ» ለተሰኘው ዐውደ ጥናትዎ የጥሪ ካርድ ደረሰኝ፤ ሐሙስ ረፋድ ነው። ይቅርታዎን፣ አልገኝም። በዚያ ሰዓት እኔና እህቴ ንቦቹ እንዳይወጡ የሦስቱን ቀፎዎች በር በእርጥብ ጆንያ ደፍነን፣ ማን ቀድሞ እንደሚገድላቸው፣ የእናንተ መድኃኒት ወይስ የእኛ ጆንያ፣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።