ከሰሊማ ማዕድ ቤት ስለታየው ጢስ

ለተከበሩ የሐይቅ ዳር የአየር ንጽሕናና የዕይታ ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ሳንባዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሙኒራ እባላለሁ፤ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከቱሪስቶች ማረፊያው ሎጅ አጥር ሥር ባለው የቤቶች ረድፍ ዓሣ እየጠበሰች ትሸጥ የነበረችው የሰሊማ ታናሽ እህት ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ እህቴ ከተቀበረች በኋላ እንኳ በስሟ ማስጠንቀቂያ መላኩን ስላላቋረጠ፣ በሕይወት ያለነው ዘመዶቿ መልስ ሳንሰጥ ብንቀር እንደ ንቀት ይቆጠርብናል ብዬ ብዕር አነሣሁ። በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልሁ፣ ስብሰባዎን የማያቋርጥ መንገድ መፈለጌ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምድጃው ምስጋናዬን እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና የእውነት ነው። ከሎጁ እስከ ጀልባ ማቆሚያው ያለው ዳርቻ ከጢስ ነጻ ቀጠና ተብሎ በሦስት ጉልቻ ማንደድ ሲከለከል፣ ብዙ ሰው ሲያጉረመርም ሰሊማ ደስ ብሏት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስታስል ኖራለች፤ ዓይኖቿ ከመቅላታቸው የተነሣ ሰው ሁሉ ያለቀሰች ይመስለው ነበር። የተፈቀዱት ምድጃዎች በግቢዎ የታዩ ዕለት አብረን ሄድን። ሕዝቅኤል የሚባል ባለሙያ ሦስቱንም ጎን ለጎን አቁሞ፣ በእያንዳንዳቸው ያንኑ የባሕር ዛፍ እንጨት እያነደደ አሳየን። የሸክላው ቀላል ነበር፤ ግን ከሐይቁ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጢሱን መልሶ ፊታችን ላይ ይደፋው ነበር። ባለ ማራገቢያው ጢሱ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ሆኖም እንጨቱ እንደ ጣት እየቀጠነ መፈለጥ አለበት፣ ባትሪውም መብራት ይፈልጋል። ሰሊማ መብራት ኃይል ምሳ ሰዓቴን እንዲወስንልኝ አልፈልግም ብላ አለፈችው። ሦስተኛው ወፍራም እንጨት የሚያነድድ፣ ጢሱን በቆርቆሮ ቱቦ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ የብረት ምድጃ ነበር። ጎንበስ ብላ አፉ ዘንድ ተነፈሰች። ቀና ስትል አላሳላትም።

«ይኼን» አለች።

ሕዝቅኤል ጥሩ መርጠሻል አላት። ከዚያ የሚሥቀውን ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረ፦ «እታለም፣ ይህ ምድጃ ደግ የሚሆነው ከነቱቦው ነው። ቱቦውን ነቅለሽ ዝግ ቤት ውስጥ እንዳታነጂው። ጢሱ ቢያንስም ፍሙ ሰው ይገድላል።»

ባሏ ረመዳን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ታንኳውንም ራሱ ይሠራል፤ እጁ ለሥራ የተባረከ ነው። ጣሪያውን ቀዶ ቱቦውን አወጣው፤ ዝናብ እንዳያስገባ ዙሪያውን በቆርቆሮ ከፈፈው። ሰሊማ ግድግዳውን ነጭ ኖራ ቀባች፤ ሳምንታት አለፉ፣ አልጠቆረም። ማዕድ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብለን ዓይናችን ሳያነባ ዓሣ በላን። እህቴ በዚያ ወራት ስትስቅ ሳሉ መሐል ላይ አያቋርጣትም ነበር። ለዚህ ሁሉ ባለውለታዎ ነን።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕይታው ነው። የሎጁ እንግዶች ሐይቁን ፎቶ ሲያነሡ የእኛ ጣሪያ ቱቦዎች እየገቡባቸው እንደሚያዝኑ ጽሕፈት ቤትዎ ደረሰበት። በመጀመሪያው ረድፍ ባሉ ቤቶች ከጣሪያ በላይ የቆመ ማናቸውም ጢስ ማውጫ እንዲነሣ አዘዙ። ምድጃው ግን አልተከለከለም፤ ስለዚህ አርቆ አስተዋይነትዎ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። መመሪያዎ ከቀጠለ ጢስ ዓባይም ቀንና ሌሊት ያለ ፈቃድ እየጤሰ ስለሆነ፣ ተራው ሲደርሰው በጨዋነት እንደሚታዘዝዎ አልጠራጠርም።

ተቆጣጣሪዎ አቶ ቃለ ሕይወት ትእዛዙን ይዘው ሲመጡ ጨዋ ነበሩ። ማንንም አልሰደቡም፤ ረመዳን ራሱ ወጥቶ እንዲነቅለው ለመኑት እንጂ። እሱም ነቀለው፤ ቀዳዳውንም መልሶ ደፈነው። ሰሊማ መሬት ላይ ቆማ ቱቦውን ስትቀበለው፣ ምድጃውስ እንዴት ይሁን ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መመሪያው ስለ ጣሪያ እንጂ ስለ ምድጃ አይናገርም አሏት። ሕዝቅኤል ይህ አደገኛ ነው ብሎ ለእርስዎ እንዳመለከተና ብዙም ሳይቆይ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ እንደተመደበ በኋላ ሰማን፤ ሹመት ከሆነ እንኳን ደስ ያለው። እኔም በግንባር መጥቼ፣ ሎጁ በየምሽቱ ለእንግዶቹ የሚያነደው ያን የሚያህል እሳትስ ብዬ ጠይቄ ነበር። የመዝናኛ እሳት በሌላ መመሪያ እንደሚታይ በትሕትና ተነገረኝ። እንጨቱ ግን ያው የባሕር ዛፍ ነው።

ሰሊማ ምድጃውን ወደ ደጅ አውጥታ በጣሪያው ክፈፍ ሥር መጥበስ ጀመረች። በበጋ ሆነላት። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ እንጨቱን እያራሰ ጢሱን አበዛው፤ ጢሱ አጥር ተሻግሮ ታየ፤ ማስጠንቀቂያ መጣ። ቀጥሎ የመጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ዳግም ቢታይ ምድጃው እንደሚወረስ ይናገር ነበር። እህቴ ያንን ካነበብሁላት በኋላ ስለ ጢስ ማሰቧን አላቆመችም። እየተናገረች ድንገት ዝም ብላ ቀና ትልና ጣሪያውን ታይ ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ነሐሴ ስለ ንጹሕ አየር በሎጁ ያዘጋጀው ስብሰባ ላይ ምሳ ጎድሎ እንደነበር ሰምተናል። ዓሣውን እንድትጠብስ የታዘዘችው ሰሊማ ስለነበረች፣ ለጉድለቱ መላው ቤተሰባችን ይቅርታ ይጠይቃል።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚያን ጧት ዝናቡ አላባራ አለ። ረመዳን ሐይቅ ላይ ነበር፤ እኔም ለክረምት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ሰሊማ ምድጃውን ወደ ማዕድ ቤት አስገባች። ጢስ እንዳይታይባት መስኮቱን በጆንያ ጠቀጠቀችው፤ በሩን ዘግታ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ደፈነችው። እንጨቱ ነድዶ ፍም ሲሆን ጢሱ ይጠፋል፤ እሷም ጢሱ ከጠፋ ክፋት የለውም ብላ ሳይሆን አይቀርም። ረመዳን ከሐይቅ ሲመለስ ሎጁ ዘንድ ሰዎች ዓሣው የታለ እያሉ ይጠብቁት ነበር። በሩን ገፋው፤ ጨርቁ ያዘበት። በትከሻው ከፍቶ ሲገባ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ አገኛት፤ ጨው የነካ ቆሮሶ ዓሣ ጭኗ ላይ ነበር። ፊቷ ቀልቷል። ዘወትር ከሚያውቃት ይልቅ ጤነኛ ትመስል ስለነበር፣ ሞታለች ብሎ አላሰበም፤ ቀስ ብሎ ነው የጠራት። ደጋግሞ ነው የጠራት።

ሐኪሙ ሲነግረን የገደላት ጢስ አይደለም አለ፤ ከፍም የሚወጣ፣ መልክም ሽታም የሌለው መርዝ ነው። እርስዎ የሚቆጣጠሩት የሚታየውን ስለሆነ፣ ይህኛው ከሥልጣንዎ ውጭ መሆኑን እረዳለሁ። በዚያን ዕለት ከዚያ ቤት አንድም ጢስ አልታየም። በጽሕፈት ቤትዎ መለኪያ ከሄድን፣ እህቴ መመሪያውን በሙሉ የፈጸመች የመጀመሪያዋ ነዋሪ ናት።

ከቀብሩ በኋላ ረመዳን እሳት አላነደደም። ዳቦና ውሃ ነው ምግቡ፤ እኔ የበሰለ ሳመጣለት ከተከፈተው በር ውጭ ተቀምጦ ይበላል። በማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ የነበረውን መዝጊያ ነቅሎ ጣለው። ሰው መሐል ተቀምጦ ሳለ ብድግ ብሎ ይሄድና እጁን በባዶው መስኮት አውጥቶ አየሩን ይዳስሳል። የተቃጠለ ይሸተኛል ይላል። እኔ ምንም አልሸተተኝም፤ ነገር ግን እሱ ከተናገረ በኋላ እኔም በአፍንጫዬ ሳልፈልግ እፈልገዋለሁ።

አራተኛ፣ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ በሰሊማ ስም ማስጠንቀቂያ ደረሰን። ምሽት ላይ ከማዕድ ቤትዎ ጢስ ሲወጣ ስለታየ ይላል፤ የአቶ ቃለ ሕይወት ፊርማ አለበት። በመጀመሪያ የሠፈር ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ተናድጄ መንገድ ላይ አቆምኋቸውና እህቴ ሞታለች አልኋቸው። አልሰሙም ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቤቱን ላሳይዎ ስላቸው ያለ ክርክር ተከተሉኝ።

ምድጃው በነበረበት ነው ያለው። ጎንበስ ብለው አመዱን በመዳፋቸው ነኩት፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፤ አንዲት ሸረሪት አፉ ላይ ድሯን አድርታለች። ረመዳን ሌላ ቦታ እሳት አንድዶ እንደሁ ብለው ይመስለኛል፣ ዙሪያውን ሁሉ አዩ። የሐይቁ ጉም ይሆናል አልኋቸው፤ በዚህ ወቅት ጉም ከደንገሉ ውስጥ ተነሥቶ በጣሪያዎች ላይ ይተኛል። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጉም ይተኛል መምህርት» አሉ። «ያየሁት ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ልክ ቱቦው እንዳለ።»

ከዚያ የተደፈነውን ቀዳዳ ቀና ብለው አዩ። እኔም አየሁ። ረመዳን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር፤ እሱ ግን አልደነገጠም። የትኛው ሰዓት ላይ እንደሆነ ብቻ ጠየቃቸው። ሲነግሩት፣ ሰሊማ የማታውን ምጣድ የምትጥድበት ነው አለ።

አቶ ቃለ ሕይወት ያንን ማስጠንቀቂያ ለመሰረዝ ቢሮዎ ድረስ እንደመጡ ያውቃሉ። ባለቤቲቱ በሕይወት እንደሌለች ሲነግሩዎ፣ የተፈረመ ሪፖርት አይሰረዝም ብለው እንደመለሱላቸውም ነግረውኛል። በሐይቁ ዳር መቆጣጠሩንም ትተዋል። እንደዚህ ያለ ሰው ማጣትዎ አሳዝኖኛል፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች ሁሉ ያየውን አየሁ ያለ እሳቸው ብቻ ናቸውና።

እኔ ያንን ጢስ አላየሁትም። አየሁት ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ነገር ግን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤቴ መግባት አቅቶኛል፤ በጀልባ ማቆሚያው በኩል ዞሬ፣ ጣሪያው በሚታይበት ቦታ እስኪጨልም እቆማለሁ። ላየው ይሁን እንዳላየው፣ የትኛውን እንደምፈልግ ለራሴም አልገባኝም።

አሁን የደረስንበትን ላሳውቅዎ። የጎረቤታችን የእናትዓለም ምድጃም የእኛው ዓይነት ነው፤ እሷም ባለፈው ሳምንት መስኮቷን በጆንያ ስትጠቀጥቅ ረመዳን አያት። ሄዶ መሰላሉን አመጣና ጣሪያዋን ቀዶ ቱቦዋን መልሶ ተከለላት። በማግስቱ ቀጣዩን ቤት፣ ከዚያም ቀጣዩን እያለ የረድፉን ሁሉ ቱቦ አቆመ። የሚከለክለው አልመጣም። በመጨረሻ የራሱን ቤት ሠራ። ከጣሪያው ሲወርድ፣ አንተ እንደሆንህ አታነድድ፣ ለምን ደከምህ አልሁት።

«ጢሱ ካለ፣ መውጫ ይኑረው» አለኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሠፈር ያለው ቱቦ ሁሉ ዕይታዎን እንደሚያበላሽ በግልጽ አስታውቃለሁ። ለማስነቀል ሰው የሚልኩ ከሆነ፣ ሌላ ባለሥልጣን ሳያደክሙ እርስዎ ራስዎ ቢመጡ ደስ ይለናል። መሰላል እኛ እናቀርባለን። ቱቦውን የሚነቅሉበት ቤት ባለቤት ከታች ቆማ ምድጃውስ እንዴት ይሁን ብላ ስትጠይቅዎ፣ መልሱን ከአፍዎ መስማት እንፈልጋለን። መልስ ከሌለዎት ግን፣ ጢስ ማውጫ የሌለው የእንጨት ምድጃ በቤት ውስጥ እንዳይነድድ የሚከለክል አንድ መስመር በመመሪያዎ ውስጥ ይጨምሩልን። ቦታ ከጠበበ ስለ ፎቶ ከሚናገረው አንቀጽ ላይ ጥቂት ቃላት መቀነስ ይቻላል፤ ማረም ሥራዬ ስለሆነ በነጻ አግዝዎታለሁ።

አየርዎ ዘወትር የጠራ፣ ፎቶዎ ዘወትር ያማረ፣ እንቅልፍዎም ከእኛ የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከሚገባው አክብሮት ሁሉ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ሙኒራ
የሰሊማ እህት

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ተላላኪዎ ለሰሊማ መጥሪያ ይዞ መጣ። በመጪው ሰኞ ጧት በአካል ቀርባ እንድታስረዳ ይላል። እኔ ልቀበልላት ብለው ከራሷ ከሰሊማ ሌላ ለማንም አልሰጥም ብሎ መለሰው፤ ደንብ አክባሪነቱ ደስ ያሰኛል። እንግዲህ ሰኞ ዕለት ቢሮዎ ውስጥ ይጠብቋት። ከመጣች ግን እባክዎ ለእኛም ይንገሩን።