ጭራዋ የተቆለመመች ፍሬ

ሜምፊስ ላለኸው ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ሳልህ ተወህ ወይስ የዚያ አገር እርጥበት ባሰብህ? እኔ አሙን ይመስገን አለሁ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። መንደሩም ደኅና ነው። ውሃ የጫኑት አህዮች እንደ ልማዳቸው ዘግይተው ይመጣሉ፣ ሴቶቹም እንደ ልማዳቸው ነጂዎቹን ይረግማሉ። ጎረቤታችን ታሳኬት አሁንም ቢራ እየጠመቀች ሰው ታማለች። ሰላም በልልኝ ብላሃለች፤ እንዴት አድርጋ እንዳለችው በኋላ እነግርሃለሁ።

ሚስቴን ውብኸትን ቀበርናት። ገና ከሬሳ አድራቂዎቹ ቤት ሳትወጣ አንተ ጀልባ ይዘህ ወደ ሰሜን ስትወርድ ሰው ሁሉ "ምን ነካው?" ብሎ ነበር። የተሟገትኩልህ እኔ ነኝ። "ሆዱ ባባ፤ ቀብሯን ማየት አልቻለም" አልኳቸው። እውነት መስሎኝ ነው። መቃብራችን ውስጥ ምስሏን ስትሥል እንባህ የቀለሙ ሰሃን ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ሥራውን ለአንተ ሰጠሁ። ከአንተ በቀር ማን ነበረኝ?

ከሄድክ በኋላ ይዛ የምትሄደውን ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ነጠላ ጫማዋን፣ የኩል ብልቃጧን፣ ማበጠሪያዋን፣ ተንተርሳ የምትተኛበትን ብርኩማ። ብርኩማውን ታውቀዋለህ። ለእኔ "ወንዝ ዳር ገበያ በሽንኩርት ለወጥኩት" ብላኛለች። ስንት ዓመት ከጎኔ የተኛችው እሱ ላይ ነው። አቧራውን ልጠርግለት ገለበጥኩት። ከሥሩ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በቀይ ቀለም አንዲት የካሮብ ፍሬ ተሥላለች። ነጀም፤ "ጣፋጭ" የምትባለዋ ፊደላችን።

ሥራችን ነውና ምን እንደሆነች ለአንተ አልነግርህም። ማር ጣፈጠ፣ የሰሜኑ ነፋስ ደስ ይላል፣ ልብ ረካ ብለን የምንጽፈው በእሷ ነው። የሚወዷትን ሴትም ጣፋጭዬ የሚሏት በእሷ ነው። ጭራዋ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። የዚህችኛዋ ግን እንደ ዓሣ መንጠቆ ተቆልምሟል።

በመንደራችን እንደዚያ አድርጎ የሚሥላት ሰው አንድ ብቻ ነው። አባታችን በበትር፣ እኔ በልመና አልመለስ ያልክበት ነገር ነው። የፈርዖንን የመቃብር ግድግዳ ስንሠራ አንተ በቀይ ትነድፋለህ፣ እኔ በጥቁር እያረምኩ እከተልሃለሁ፤ ያችን ጭራ ስንት ጊዜ አቃናሁልህ? "ተዋት፣ ሰው በእሷ ያውቀኛል" እያልክ ትስቅ ነበር። ይኸው አወቅሁህ።

እንዲያም ሆኖ ለራሴ ሰበብ ፈለግሁ። ብርኩማውን ተሸክሜ ታሳኬት ዘንድ ሄድኩና ውብኸት ከየት እንዳመጣችው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ብርኩማውን አየች፣ እኔን አየች፣ ማሰሮዋን ከደነች። "አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የሰጡህ ለግድግዳ ብቻ ነው እንዴ? መቃብር ውስጥ የዝንብ እግር የምታክል ስህተት ታያለህ፤ ቤትህ ውስጥ ግን…" ብላ ሳትጨርሰው ወደ ማሰሮዋ ዞረች። ታሳኬት ወሬ ጀምራ ስትተው አይቼ አላውቅም። ልወጣ ስል ነው "ለሰሜኑ ሰውዬ ሰላም በልልኝ" ያለችኝ። ሰላምታዋን አደረስኩ።

ወንድሜ፣ ተቃጠልኩ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ልጅ ነህ እኮ! የመጀመሪያዋን የሸምበቆ ብዕር ቀርጬ እጅህ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ዳኞቹ ፊት አቆመው ነበር። አንተን ከስሼ ማንን ልረታ? እሷ ላይ እንዳልጮህ ሞታለች።

ጥቁር ቀለሜንና መሮዬን ይዤ ወደ መቃብሩ ወረድኩ። ነድፈህ የሄድከው ቀይ ንድፍ እንዳለ ነው። ከራሷ በላይ እንድትጽፍ ያዘዝኩህ "የቤት እመቤት ውብኸት" ብቻ ነበር። አንተ መሃሉ ላይ አንዲት ፍሬ ጨምረሃል፤ ጭራዋ የተቆለመመ። ልፍቃት መሮውን አነሳሁ። ግን ከግድግዳው የተፋቀ ከሰውዬውም እንደሚፋቅ ታውቃለህ፤ እሷን ባጠፋ ውብኸት ለዘላለም ጣፋጭ ነገር ላይቀርባት ነው። መሮውን አስቀመጥኩ። እንግዲያው ጭራዋን ላቃናት ብዬ ብዕሬን ነከርኩ። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ለውብኸት ፊደል አላስተማርኳትም። ከፊደል ሁሉ የምታውቃት ነገር ካለች ይህችኑ ነው፣ ያውም አንተ የቆለመምካትን። እዚያ ማዶ ስትነቃ የምትፈልጋት እሷን ነው። ባቃናት የሌላ ሴት መስላት ታልፋታለች።

እንዳለች በጥቁር አጸናኋት። ብርኩማውንም ከራሷ ሥር አደረግሁላት፤ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።

አሁን የቀረው ከጎኗ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከተሣልኩት ከእኔ ራስ በላይ የሚጻፈው ነው። ስሜን ጻፍኩና ቀጥሎ ምን እንደምል ጠፋኝ። ሁለታችሁ ስትሆኑ፣ የእኔ ነገር ሲነሳ፣ ምን ትለኝ ነበር? ያለችህ ደግ ቃል ካለ፣ አንድ እንኳ ካለ፣ መጥተህ ጻፍልኝ። ከሌለም ና፤ ዋሽተህ ጻፍልኝ። ወደ ቤት አትግባ፣ በቀጥታ ወደ ኮረብታው፣ ወደ መቃብራችን ና። አንተ በቀይ ትነድፋለህ፣ እኔ እከተልሃለሁ።

አሙን ዕድሜ ይስጥህ። ዳቦህና ቢራህ አይጉደል፣ ደጉ የሰሜን ነፋስም ከአፍንጫህ አይለይ። ደረትህን ብርድ አታስመታ።

ማረም የተወው
ታላቅ ወንድምህ