ወባ ደጋ የወጣችበት ጥቅምት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሁለት መስመር ወጣ። ሌላ መመርመሪያ ከፍቼ ደገምኩት። አሁንም ሁለት መስመር። የመጀመሪያው መስመር መመርመሪያው እንደሚሠራ ብቻ ነው የሚናገረው። ሁለተኛው ግን ደሙ ውስጥ ወባ አለ ማለት ነው። ደሙ የእናቴ ነው።

ጧት ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው «እማሆይ ከትናንት ጀምሮ ይንቀጠቀጣሉ» ሲለኝ ብርድ መስሎኝ ነበር። እዚህ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወባ ያገኘሁባቸው ሰዎች ወይ ቆላ ወርደው ሰሊጥ ያጨዱ ናቸው፣ ወይ ዓባይ በረሃ ዘመድ ጠይቀው የተመለሱ። መድኃኒቱንም የማስቀምጠው ለእነሱ ብዬ ነው። ስለዚህ ቅጹ የሚያዘውን ጠየቅኳቸው።

«ባለፈው አንድ ወር ከቀበሌው ወጥተው ያደሩበት ቦታ አለ?»

ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። «አባትሽ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ቅጽር የት ወጥቼ አውቃለሁ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ስንቄን የምታመጪልኝ?»

እውነት ነው። ከመነኮሱ ሰባት ዓመት ሆናቸው። ያን ጊዜ እማዬ ማለቴን ትቼ አንቱ ማለት ጀመርኩ። ዛሬ ክንዳቸውን ስይዘው እሳት ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው እማዬ ነው።

መድኃኒቱን ከመስጠቴ በፊት በሁለት ስላይድ ላይ ደም ቀብቼ አደረቅሁ። መድኃኒቱ ጧትና ማታ፣ ለሦስት ቀን ነው። አንድ ችግር አለ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ በደንብ አይሠራም። እሳቸው ደግሞ ጽጌን ይጾማሉ። ወተት ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቅጹ ላይ በሽታው ከየት እንደመጣ የሚሞላ ክፍል አለ። ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ወይም እዚሁ የተያዘ። ሁለተኛው ላይ ምልክት አድርጌ አላውቅም። ዛሬ ሁለቱንም ባዶ ተውኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የንስሐ አባታቸው መምሬ ይሁኔ በጧት መጥተው «ለታመመ ሰው ጾም አይታዘዝም» አሏቸው። እማሆይ በጧት ለመብላት ተስማሙ። ወተቱን ግን አሻፈረኝ አሉ። «ከምጠጣው ትኩሳቱን ብችለው ይሻለኛል።»

ስበሳጭ ቆይቼ አንድ ነገር ታየኝ። ቅባት የግድ ከላም መምጣት የለበትም። ቤት ሄጄ ሱፍ ወቅጬ፣ አጥልዬ፣ ፍትፍት ሠርቼ ወሰድኩላቸው። አምስት ጉርሻ በሉ። መድኃኒቱንም ዋጡ። የዛሬ ድሌ ይኸው ነው።

ወደ ወረዳ ደወልኩ። የወባ ጉዳይ የሚከታተለው ባለሙያ ጨዋ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«የእናንተ ቀበሌ ወባማ ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ የለም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«መመርመሪያው ተበላሽቶ ይሆናል። ወይም ሴትዮዋ አንድ ቦታ ሄደው ነበር።»

«መነኩሴ ናቸው። ከቅጽር አይወጡም።»

«መነኩሴም ጠበል ይሄዳል።»

ይሄዳል። ብዙው ጠበል ደግሞ ቆላ ነው። እናቴ መሆናቸውን አልነገርኩትም፤ ለእናቷ ብላ ነው እንዳይል። በማይክሮስኮፕ ያልተረጋገጠ ውጤት ይዞ አጎበርም ርጭትም መጠየቅ እንደማይችል ነገረኝ። በክፋት አልነበረም። ያለው አጎበር ለቆላዎቹም አይበቃም።

እንግዲህ የሚያስፈልገኝ፦
በማይክሮስኮፕ የታየ ደም።
የወባ ትንኝ እጭ፣ እዚሁ ቀበሌ የተገኘ።
ሌላ ታማሚ፣ የትም ያልሄደ። ይኼኛውን ባላገኝ ደስ ይለኛል።

ማታ ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። ልሂድ ስል እጄን አልለቅ አሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ስላይዶቹን በጥጥ ጠቅልዬ፣ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ደረስኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «እንቁላል ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ተጠነቀቀልኝ።

ትዕግሥት አብራኝ የሠለጠነች ጓደኛዬ ናት። አሁን አንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ስላይዱን ቀለም ነክራ፣ አጥባ፣ አድርቃ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቦታዋን ለቀቀችልኝና «ቀለበት የመሰሉትን እያቸው» አለች። አየኋቸው። ትንንሽ ወይን ጠጅ ቀለበቶች።

«የት ሄደው ነበር?» አለችኝ።

«የትም።»

ሻይ ጋብዛኝ ነገሩን እንደ ተማሪ አስረዳችኝ። የወባ ትንኝ ደጋም ብትወጣ ብቻዋን ጉዳት የላትም። የታመመ ሰው ደም ከጠጣች በኋላ ተሕዋሲው ሆዷ ውስጥ መብሰል አለበት። አየሩ ቀዝቃዛ ሲሆን እሱ ሳይበስል እሷ ትሞታለች። ደጋውን ሲጠብቀው የኖረው ይኼ ነው። አየሩ ሞቅ ባለ ቁጥር የሚበስልበት ቀን ያጥራል። አንድ ቀን ይደርስና ትንኟ ከመሞቷ በፊት ይበስላል።

«ተሕዋሲውን ማን አመጣው ታዲያ?»

«ሰሊጥ ያጨዱት ልጆቻችሁ። እሱ ድሮም ይመጣ ነበር። ድሮ ግን እዚያው ይቀር ነበር።»

የአየር ንብረት ለውጥ ነው ብዬ ልጻፍ ወይ ስላት ራሷን ነቀነቀች። «በአንዲት መነኩሴ ደም እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። የብዙ ዓመት ሙቀትና የብዙ ዓመት ታማሚ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው የሚታየው። ደጋው እየሞቀ መሆኑን የለኩት ሰዎች ጽፈውታል። አንቺ ያየሽውን ብቻ ጻፊ።»

ስመለስ በመስኮት አየሁ። ልጅ ሳለሁ ገብስ ብቻ ይዘራበት የነበረው ዳገት ላይ በቆሎ ቆሟል። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ስመላለስ ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ቅጹን ሞላሁት። እዚሁ የተያዘ።

እማሆይ ማታ የመጨረሻዋን መድኃኒት ዋጡ። ግንባራቸው ቀዝቅዟል። አልቧቸዋል። «ሱፉ ጨው በዝቶበታል» አሉኝ። ድነዋል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እጭ ፍለጋ። ነጭ ጭልፋ፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ የጎማ ጫማ።

መጀመሪያ ምንጩ። የሚፈስ ውሃ ነው፤ ምንም የለም። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ በርሜል። እጭ ሞልቶታል፤ ግን ጭንቅላታቸውን ቁልቁል ሰቅለው የሚንጠለጠሉት ዓይነት ናቸው። እነሱ እንቅልፍ ይነሳሉ እንጂ ወባ አያመጡም። የወባዋ እጭ ከውሃው ፊት ላይ ጋደም ብላ ነው የምትተኛው። ሥልጠና ላይ በሥዕል አይቻታለሁ እንጂ በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። የታላቅ ወንድሜ የአያ አለኸኝ ኩሬ። ከቅጽሩ በታች፣ ከእማሆይ ጎጆ የድንጋይ ውርወራ ያህል ቢርቅ ነው። የቆፈረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ዝናቡ ጤፉ ፍሬ ሳይቋጥር ማቋረጥ ሲያበዛ፣ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ በበጋ ሽንኩርት ለማልማት። ውስጡን ፕላስቲክ አልብሶታል። ከእሱ አይተው ሌሎች ሰዎችም ሊቆፍሩ አስበዋል። እንዲቆፍሩ የመከርኩት እኔም ነኝ።

ኩሬው ውስጥ ሃያ ጊዜ ጨለፍኩ። ምንም። ውሃው ጥልቅ ነው፤ ነፋስ ያንቀሳቅሰዋል፤ እንቁራሪትም አለበት። ደስ ብሎኝ ልመለስ ስል ከኩሬው በታች ያለው ጭቃ ላይ ፀሐይ አብረቀረቀብኝ። ፕላስቲኩ ጠርዙ ላይ ተቀዶ ውሃ ያንጠባጥባል። ከብቶች እዚያ ይጠጣሉ። የኮቴያቸው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ አቁሯል። ጎንበስ ብዬ አንዱን ጨለፍኩ።

ጋደም ብለው ነበር።

አያ አለኸኝ የሽንኩርት መደቡን ይኮተኩት ነበር። ጠርሙሱን ይዤ ሄጄ ነገርኩት። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣም። መኮትኮቻውን አስቀመጠ። ወደ እማሆይ ጎጆ አየ።

«እማዬን እኔ ነኛ ያሳመምኳት» አለ።

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የሆነ ነገር ብያለሁ፤ አልሰማኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሥላሴ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ቅጽሩ ውስጥ ያለው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ቆየ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ኩሬው ይደፈን የሚል በዛ። አንዲት የትንሽ ሕፃን እናት «ለሽንኩርት ብለን ልጅ እንቅበር?» አለች።

አያ አለኸኝ ተነሣ። «ማንም አይድከም። በእጄ ቆፍሬዋለሁ፣ በእጄ እደፍነዋለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ አመሰገነው። እኔ ለእሱ እምቢታ ነበር የተዘጋጀሁት፤ ለእሺታው አልተዘጋጀሁም።

ተነሥቼ ጠርሙሱን አሳየሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ኩሬው ውስጥ እንዳላገኘኋት፣ ያለችው የኮቴ ጉድጓዱ ውስጥ መሆኑን ተናገርኩ። ጭቃውን በድንጋይና በአፈር እንድፈነው፣ ቀዳዳውን እንለጥፍ፣ ለከብቱ ገንዳ እንሥራለት፣ የኩሬውን ጠርዝም በየሳምንቱ እኔው እየጨለፍኩ አያለሁ አልኩ። ኩሬውን ብንደፍነው ዝናቡ በጊዜ መሄዱን አይተውም፤ ለእሱስ ምን አለን? አልኩ።

አንድ ሽማግሌ «ነገ እዚያው ኩሬ ውስጥ ብትገኝስ?» አሉኝ።

«ያን ጊዜ ራሴ እነግራችኋለሁ» አልኳቸው።

ሳይወሰን ተበተንን። ከሰዓት በኋላ አያ አለኸኝ እማሆይ ዘንድ ገብቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ይቅርታ ሲጠይቅ እኔ በር ላይ ነበርኩ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ሰሙት።

«ኩሬውን ልትቆፍር የመጣህ ዕለት መርቄህ ነበር ወይ?» አሉት።

«መርቀውኛል።»

«ታዲያ ምርቃቴን ነው የምትደፍነው? ጭቃውን ድፈን።»

ነገሩ የተወሰነው እዚያ ነው እንጂ ዛፉ ሥር አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ቅዳሜ አፈር አይነካም ነበር። መምሬ ይሁኔ «ሰው ለማዳን ነው» ብለው ፈቀዱ፤ የመጀመሪያዋን ድንጋይም ራሳቸው አመጡ። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ወጡ። እስከ ምሳ ሰዓት የኮቴ ጉድጓድ አልቀረም። አያ አለኸኝ ፕላስቲኩን አሙቆ ለጠፈው። የግንድ ገንዳውም ተቀመጠ። ከብቶቹ ግን አልገባቸውም፤ የለመዱት ቦታ ሄደው ድንጋዩን ያሸታሉ።

እኔ በቅጽሩ ዙሪያ ካሉ ቤቶች ትኩሳት ያለበትን ሁሉ መረመርኩ። አምስት ሰዎች። ሁለቱ ላይ ተገኘ። አንደኛዋ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከገበያ አልፋ ሄዳ አታውቅም። መድኃኒቷን አስጀምሬ፣ ወረቀት ጽፌ፣ ባሏን ጠርቼ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት። የማክሰኞው ዝርዝሬ ሞላ። ደስ አላለኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

እማሆይ በእግራቸው ቅዳሴ ገቡ።

የራሴን አጎበር ወስጄ ልሰቅልላቸው ነበር። «በመጋረጃ የሚተኛ ንጉሥ ነው» ብለው መለሱልኝ። ድሮ በጥቅምት ጧት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድር እንደነበር፣ ያንን ካዩ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ አወሩልኝ። በመጨረሻ መምሬን አማላጅ ላክሁ። አሁን ተሰቅሏል። ይተኙበት አይተኙበት አላውቅም።

ነፍሰ ጡሯ ደህና ናት። ባሏ ደወለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

የወረዳው ባለሙያ ደውዬለት በሞተር ሳይክል መጣ። የትዕግሥትን ውጤት አነበበ። ቅጾቹን አየ። ከዚያ እጩን አሳዪኝ አለ። ቦታውን እኮ ደፍነነዋል። ሲሄድ የሚያየው ድንጋይና የከብት ገንዳ ነው።

ጠርሙሱን አመጣሁለት፤ በጨርቅ ሸፍኜ አስቀምጬው ነበር። ከዓርብ ወዲህ አላየሁትም። እጮቹ ግማሾቹ የሉም። በምትካቸው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ሁለት ትንኞች ቆመዋል፤ ጭንቅላታቸውን ዝቅ፣ ጅራታቸውን ከፍ አድርገው። እንዲህ የምትቆመው የወባዋ ትንኝ ብቻ ናት።

ወደ ብርሃኑ ይዞት ወጣ። «እናትሽ መሆናቸውን ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። መምሬ ነግረውታል። «ወባማ የሚባሉት ቀበሌዎች ዝርዝር የቆየ ነው» አለ። ርጭት እንደሚጠይቅልን፣ አጎበሩ ግን መቼ እንደሚመጣ እንደማያውቅ ነገረኝ። ባለማወቁ አመንኩት።

ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቀ። «ከእናንተ በላይ ያለው ቀበሌስ?»

ከእኛ በላይ ያለው ጭራሽ ብርድ ነው። የጤና ባለሙያዋን አውቃታለሁ፤ ደወልኩላት። ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች አሏት ወይ አልኳት። «አራት አሉኝ፤ ታይፎይድ ነው ብዬ እየተከታተልኳቸው ነው» አለች። የወባ መመርመሪያ አላት ወይ ስላት ሳቀች። «እዚህ? ማን ይሰጠኛል?»

የቀሩኝን ዘጠኝ መመርመሪያዎች አራቱ እንዲመረመሩባቸው በፌስታል ጠቅልዬ ለባለሙያው ሰጠሁት። ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ ሽቅቡን ያዘ።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። እሱም እሷም አልደወሉም።