ትራስ የለንም ብዬ የመለስኩት

ጥሩዬ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ማገዶዬን እኔው እፈልጣለሁ፣ ጓሮውን እኔው እቆፍራለሁ፣ ገበያም በእግሬ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆም እያልኩ ሐይቁን አያለሁ። የምቆመው ትንፋሼ እስኪመለስ መሆኑን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ይህንንም ደብዳቤ ለማንም አላጻፍኩም። በመሠረተ ትምህርት የያዝኳት ፊደል እስካለች ድረስ በመካከላችን ሌላ ሰው አይገባም።

ከተለየሽኝ አራተኛው ክረምት ገባ። የቤቱ ሣር ወርዶ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ አያስወራም። ልጅሽ አስናቀች ጤና ጣቢያ ወስዳ ብታስመረምረኝ ልቡ አብጧል አሏት። ከዚያ ወዲህ ደሴ እኔ ዘንድ ካልገባህ እያለች ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች። አልሄድም ብያታለሁ። ልቡ ያበጠ ሰው ቤቱን ይልቀቅ የሚል መድኃኒት አልታዘዘልኝም።

የመረመረችኝ ሐኪም ጥያቄ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶብኛል። በስንት ትራስ ነው የሚተኙት አለችኝ። ይችኑ ጥያቄ መጀመሪያ አንቺን ያየሽ ያ ቀጭኑ ሐኪም ጠይቆ ነበር። አንቺ ሳትመልሺ፣ እኔ ቀደም ብዬ፣ ኮራ ብዬ፣ እኛ ትራስ የሚባል አናውቅም አልኩት። ድህነታችንን የጠየቀን መስሎኝ። እሱም ተንጋላ የምትተኛ ከሆነ ብሎ ሳልሽን ከሳንባ ቆጠረው፤ የሳንባ ክኒን ይዘን ተመለስን። እውነቱ ግን ጋደም ባልሽ ቁጥር ትንፋሽ እያጠረሽ፣ ጀርባሽን ጀርባዬ ላይ አስደግፈሽ፣ ቁጭ እንዳልሽ ነበር የምታነጊው። ትራስሽ እኔ ነበርኩ። ያንን አልነገርኩትም፤ ለካ የልብ ሕመም ምልክቱ እሱ ኖሯል።

ደሴ ያሉት ሐኪሞች ደረትሽን አዳምጠው የልቧ በር አይገጥምም ሲሉን ስንት ወር አልፎ ነበር። ያኔ ብናገር ትድን ነበር ወይ ብዬ ይችን ሐኪም ጠየቅኋት። አላባበለችኝም። እሱን አላውቅም አባቴ፣ መድኃኒቱ ግን ቀድሞ ይጀመርላት ነበር አለችኝ።

ስለዚህ በራሴ አልደገምኩትም። የጤፍ ስልቻ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው አልኳት። ውኃውን ከሰውነት የሚያወጣ ክኒን ሰጠችኝ፤ ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ። ጨው ትቻለሁ። ሽሮው አፈር አፈር ይላል፣ እበላዋለሁ። የእግሬ እብጠት ጎድሏል። ለአስናቀች፣ በየወሩ በባጃጅ ራሴ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፣ አንድ ቀጠሮ ካጓደልኩ ያን ጊዜ መጥተሽ ውሰጂኝ ብያታለሁ። አላጓድልም።

አንቺን አልረሳሽም ጥሩዬ። እኔ ብረሳ ጀርባዬ አይረሳም።

የቀረብኝን ዕዳ ደግሞ ልጆች እንዳይነኩብኝ። ለሐይቅ እስጢፋኖስ የተሳልሽውን ጥላ፣ ባትድኚም፣ እኔው አስገባለሁ። ጎረቤታችን ሰይድ አዝመራውን ትቶ ቃሬዛሽን የተሸከመበትን ሁለት ቀን፣ እየተቀመጥኩም ቢሆን፣ አጭጄ እመልስለታለሁ። ያንን ቀጭን ሐኪም እነዚህን ዓመታት ሁሉ በየሰንበቴው ሚስቴን የገደለ ስለው ኖሬያለሁ። እዚያው ሰንበቴ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ተነሥቼ፣ እውነቱን የደበቅኩት እኔ ነኝ እላለሁ።