ያልተነበበችው ነጥብ፤ የአቶ ቆይ የሕይወት ታሪክ

በወዳጆቻቸውና በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «አቶ ቆይ» በመባል የሚታወቁት ወንድማችን፣ ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 9 ቀን 1948 ዓ.ም. በአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ አጠገብ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የፊተኛው ክፍል ሱቅ፣ የኋለኛው መኖሪያ ስለነበር፣ ከአራት ልጆች ሁለተኛው የሆኑት ወንድማችን ያደጉት ሆዳቸው በተከፈተ ሬዲዮኖች መካከል ነው። አባታቸው የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጡ ነበር እንጂ ካቻቢቴ አያነሡም። ልጃቸውም ይህንኑ ጠባይ ወረሱ።

በትምህርታቸው ከክፍሉ አንደኛ ነበሩ ብለን እንዳንጽፍ አብረዋቸው የተማሩ ሰዎች እዚህ ተቀምጠዋል። በሒሳብ ደኅና፣ በታሪክ ሰዓት የሚያዛጉ፣ በእጅ ሥራ ግን ተወዳዳሪ የሌላቸው ተማሪ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቀው፣ በዓመቱ በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የጥገና ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ በዚያም ሃያ ሦስት ዓመት አገለገሉ። በ1976 ዓ.ም. የሒሳብ መምህርት ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው «እኔ ያገባሁት ሰው ሲጠሩት የማይሰማ፣ ማቀዝቀዣው ሲንሾካሾክ ግን ከእንቅልፉ የሚነሣ ነው» እያሉ ያሟቸው ነበር። ማዞሪያው በአዲስ መሣሪያ ሲተካ ጓደኞቻቸው «እኛማ አርጅተናል» ብለው እጅ ሰጡ። እሳቸው ግን በአርባ ሦስት ዓመታቸው ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተቀምጠው ኮምፒውተር ተማሩ።

በ1992 ዓ.ም. በጤና ምክር የስልክ ማዕከል የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነው ተመደቡ። ማዕከሉ ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማን እየደወሉ ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን የሚጠይቁበት ቤት ነው። በሁለተኛው ፎቅ በሚገኘው ረጅም ክፍል ከሚሠሩት የስልክ ሠራተኞች ዘጠኙ ዓይነ ስውራን ነበሩ። እነሱ የሕሙማኑን መዝገብ የሚያውቁት በስክሪን አንባቢ ነው፤ ይህም በኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈውን እየተከተለ በማዳመጫ በኩል በድምፅ የሚናገር ሶፍትዌር ነው። ዘጠኙም ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ከአንድ ሰርቨር ጋር ስለተያያዙ፣ እዚያ ላይ የተነካ ነገር ሁሉንም ይነካል።

አቶ ቆይ የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ክፍል ነው። አንባቢው ድንገት ዝም ሲል ሠራተኛው ተደናግጦ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል፤ እሳቸው ደግሞ ከኮሪደሩ ጀምረው «ቆይ! ቆይ! አትንኩት!» እያሉ ይገባሉ። ወንበር ስበው እንደተቀመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ስክሪኑን ማጥፋት ነበር። ማዳመጫውን አጥልቀው፣ በኪቦርዱ ብቻ እየሄዱ፣ ሠራተኛው የሚሰማውን ይሰማሉ። «ዓይን ውሸታም ነው፤ ያልተነገረውን ሁሉ ከራሱ ይጨምራል» ይሉ ነበር። በአንድ ወቅት ዘጠኙም አንባቢዎች ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይንተባተቡ ጀመር። ከሩቅ የመጡ ባለሙያዎች ኮምፒውተሮቹ ይቀየሩ አሉ። አቶ ቆይ ሁለት ቀን ሙሉ በጠፋ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ካዳመጡ በኋላ፣ ሰርቨሩ የመዛግብቱን ቅጂ ማስቀመጥ የሚጀምረው ልክ በዚያች ሰዓት መሆኑን ደረሱበት። ሰዓቱን ወደ ምሳ ሰዓት አዛወሩት፤ መንተባተቡም ቀረ።

ሳቅም ነበር። አንድ ቀን የሰባተኛው መሥመር አንባቢ ድምፁ ጠፋ። ሲፈለግ ሲፈለግ፣ ድምፁ በኔትወርኩ ዞሮ በሥራ አስኪያጁ ክፍል ድምፅ ማጉያ እየወጣ፣ ሠራተኛዋ ለጓደኛዋ የጻፈችውን «ሰውየው ዛሬም በግራ ጎኑ ተነሥቷል» የሚል መልእክት ለራሳቸው ለሰውየው እያነበበላቸው ተገኘ። አቶ ቆይ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ለዚህም ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል።

ከዘጠኙ መካከል በመሥመር አራት የሚሠሩት ባልደረባ «ወይዘሮ መብረቅ» ይባሉ ነበር። አንባቢያቸውን እጅግ አፍጥነው ስለሚያስነግሩት፣ ሌላ ሰው ማዳመጫቸውን ቢያጠልቅ የወፍ ጫጫታ ብቻ ነው የሚሰማው። እሳቸው ግን አንድ ቃል ሳይወድቅባቸው ይሰሙታል። በስምንት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ስሕተት አልተመዘገበባቸውም።

በየካቲት ወር 2007 ዓ.ም. ሶፍትዌሩ ታደሰ። ከዚያ በኋላ አንባቢው በጽሑፉ ውስጥ ያገኘውን ምልክት ሁሉ በስሙ መጥራት ጀመረ፤ ነጠላ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ ቅንፍ ክፈት፣ ቅንፍ ዝጋ። የሠራተኞቹ ጆሮ ዛለ። ወይዘሮ መብረቅ «አቶ ቆይ፣ ይኼ ነገር እኮ ዘበኛ ሆነብን፤ ክፈት ዝጋ ሲል ነው የሚውለው። የሆነ ነገር ያድርጉልን እንጂ!» ብለው ለመኗቸው። በሴቲንጉ ውስጥ ምልክቶችን ለማንበብ ሦስት ምርጫ ነበር፦ ሁሉንም፣ አንዳንዱን፣ ምንም። በዚያ ቀን ረፋድ ላይ የበላይ ኃላፊዎች ለጉብኝት ይመጡ ስለነበር አቶ ቆይ ተቻኩለዋል። በሰርቨሩ ላይ «ምንም» የሚለውን መርጠው ለዘጠኙም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ላኩት። ከዚያም አንድ መዝገብ ከፍተው ተመለከቱ። ተመለከቱ እንጂ አላዳመጡም። ስክሪኑን ሳያጠፉ የፈተሹት ያን ቀን ብቻ ነው። ክፈት ዝጋው ቀረ፤ ሠራተኞቹም አመሰገኗቸው።

በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል የወጡ አንድ አዛውንት ደውለው የደም ግፊት መድኃኒታቸው ስንት እንደሆነ ጠየቁ። መዝገባቸው ላይ የተጻፈው 12.5 ሚሊግራም ነበር፤ በእጃቸው ካለው ባለ ሃያ አምስት ሚሊግራም እንክብል ግማሹ ማለት ነው። አንባቢው ግን ምልክት አታንብብ ስለተባለ ነጥቧን ዋጣትና «መቶ ሃያ አምስት» አለ። መቶ ሃያ አምስት ተብሎ የሚታዘዝ የግፊት መድኃኒትም ስላለ፣ ወይዘሮ መብረቅ የሰሙትን ነገሯቸው። አዛውንቱ አምስት እንክብል ዋጡ። ራሳቸውን ስተው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ነፍሳቸው ብትተርፍም ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልተራመዱም።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው መዝገቡን በዓይኑ ሲያይ ነጥቧ ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች። የስልኩን ቅጂ ሲያዳምጥ የወይዘሮ መብረቅ ድምፅ «መቶ ሃያ አምስት» ይላል። «እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነው» ቢሉ ማን ይስማቸው! የተመሰገኑበት ፍጥነት ጥፋት ሆኖ ተጻፈባቸው። ኮሚቴው ለወጉ ያህል አቶ ቆይን አንባቢውን ፈትሸው ሪፖርት እንዲያቀርቡ አዘዘ። እሳቸውም በመሥመር አራት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸው ስክሪኑን አጠፉ፤ ማዳመጫውን አጠለቁ። «መቶ ሃያ አምስት» ሲል በገዛ ጆሯቸው ሰሙ። ወደ ሰርቨሩ ሄደው ምርጫውን «አንዳንዱን» ወደሚለው ለወጡት። ተመልሰው አዳመጡ፤ «አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት» አለ። ከዚያም «ሶፍትዌሩ ሲፈተሽ በትክክል እየሠራ ተገኝቷል» ብለው ጽፈው ፈረሙ። በፈረሙባት ደቂቃ የጻፉት እውነት ነበር። ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው በዕድሜዋ ከሰማችው ውሸት ሁሉ የከፋባት ይኸው እውነት ነው።

ወይዘሮ መብረቅ ከሥራ ተሰናበቱ። የቀሩት ስምንቱም «ለሕሙማን ደኅንነት ሲባል» የመድኃኒት መዝገብ እንዳያነቡ ተከልክለው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። በዚያ ረጅም ክፍል ውስጥ ዛሬም አንድ ዓይነ ስውር ሠራተኛ የለም።

አቶ ቆይ በ2008 ዓ.ም. የምስጋና ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቷቸው ጡረታ ወጡ። ሰዓቱን ከካርቶኑ አላወጡትም። ጨዋታቸው ቀነሰ፤ ሬዲዮ እንኳ ሲከፈት «ዝጉልኝ» ማለት ጀመሩ። እኛም ዕድሜ ነው ብለን አለፍነው። ባለቤታቸው በ2011 ዓ.ም. ቀድመዋቸው ያረፉት፣ በባላቸው ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የወንድማችን ዝምታ ግን ነቅዟል፤ እኛ ዱቄቱ ሲረግፍ እያየን ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅንም።

በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ኩላሊታቸው መድከሙ ተነገራቸው። በሰኔ ወር፣ በሆስፒታሉ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለታናሽ እህታቸው ሁሉንም ዘረዘሩላት። እህታቸው በመጀመሪያ መድኃኒቱ ነው የሚያስቀባጥራቸው ብላ ነበር። ኋላ ግን «ጋሼ! ሰባት ዓመት ሙሉ? ምን ነክቶህ ነው?» ብላ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ጮኸችባቸው። እሳቸውም «ለጡረታዬ አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ፤ ትንሿም ገና ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ቆይ ነገ እናገራለሁ፣ ቆይ ከነገ ወዲያ ስል፣ ስል...» አሉና አቀረቀሩ። ስሙን ያወጡላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ አይሥቁበትም ነበር። እህታቸው በንዴት ሦስት ቀን ስልካቸውን አላነሣችም፤ ዛሬ ያ ሦስት ቀን ይቆጫታል።

ሐምሌ 3 ቀን እህትና ወንድም ተያይዘው ወይዘሮ መብረቅ ዘንድ ሄዱ። እሳቸው አሁን በገዛ ወንድማቸው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ስልክ ያነሣሉ። አቶ ቆይ ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ ብለው ቆመው ተናገሩ። ወይዘሮ መብረቅ እስኪጨርሱ አዳመጧቸው። ከዚያ «እኔ እኮ» አሉ፤ «ሰባት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ልጄ ‹እማዬ› ብላ ስትጠራኝ እንኳ፣ በትክክል ሰምቼ ይሆን እላለሁ። አንባቢዬንም ቀስ አደረግኩት፤ እንደ ጀማሪ አንድ አንድ ቃል እየለቀምኩ ነው የምሰማው።» የአቶ ቆይ ድምፅ ወደ መሬት ሲወርድ ሰምተው «ተዉ፣ እግሬ ላይ አይውደቁ» ብለው ከለከሏቸው። «የሚፈልጉት ይቅርታ ከሆነ ዛሬ የለኝም። የተፈረደብኝ በሰው ፊት ነው፤ የሚናገሩም ከሆነ በሰው ፊት ይናገሩልኝ።»

በማግሥቱ አቶ ቆይ ለማዕከሉና ለአዛውንቱ ቤተሰብ ደብዳቤ ጻፉ። ከአዛውንቱ ልጅ «ደርሶናል» የሚል አጭር መልስ መጣ። ማዕከሉ «ጉዳዩ የተዘጋ ስለሆነ እንደገና አይታይም» አለ። ወንድማችን ኅዳር 20 ቀን በሚደረገው የማዕከሉ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ተገኝተው በአንደበታቸው ሊናገሩ ቆርጠው ነበር፤ ሕመሙ ግን እየበረታባቸው ሄደ። በጥቅምት መጨረሻ እህታቸውን ጠርተው «የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አሏት። «ሕያው ሆኜ ሊሰሙኝ አልፈለጉም። ለቀብሬ ግን ሁሉም ይመጣሉ፤ ኮሚቴውም ይመጣል፤ ከቀብር ማን ይቀራል! ያኔ አንብቢላቸው። ይህን የምትዘልዪው ከሆነ ግን ጭራሽ ምንም አይነበብ።»

ቤተሰቡ በዚህ አንድ ልብ አልነበረም። የበኩር ልጃቸው «አክስቴ፣ ሰው ሲቀበር ጥፋቱም አብሮት ይቀበር» ብሎ ለምኗል። አባቱን ስለሚወድ ነው፤ አይፈረድበትም። ጥፋቱን የተሸከሙት አባቱ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ አብሮ ይቀበር ነበር። ወይዘሮ መብረቅ ግን በሕይወት አሉ፤ አሁንም ተሸክመውታል።

ወንድማችን በሆስፒታልና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንድ ታላቅ ወንድምና ሁለት ታናናሽ እህቶች በሐዘን ቀርተዋል። ሲያስታምሟቸው የነበሩትን ነርሶችና ጎረቤቶች ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እዚህ የተገኛችሁ የማዕከሉ ኃላፊዎችና የአጣሪ ኮሚቴው አባላት፣ ይህ የሟች ቃል ነው፤ ይህንኑ ጽፈው የፈረሙበት ወረቀት በእህታቸው እጅ ይገኛል። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ነበር። አንባቢው መቶ ሃያ አምስት አለ፤ እንዲያ እንዲል ያደረጉት ወንድማችን ናቸው። የወይዘሮ መብረቅ ጆሮ አልተሳሳተም። እሳቸው አሁን ከመካከላችን ተቀምጠው ይህን እየሰሙ ነው። ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ በምሕረቱ እንዲቀበል እንለምናለን። የወይዘሮ መብረቅን ይቅርታ ግን እኛ አንለምንላቸውም፤ ቢሰጡም ቢነፍጉም የራሳቸው ነው።