የሽቦ ማኅበር ደንብ

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1970

የአሰላ ብርድ ዛሬ ጨክኗል። የጭላሎ ተራራ ጭራሽ አልታየም፤ ጉም ውጦታል። ጠዋት የስልክ ማዞሪያውን ገመዶች ስይዛቸው በረዶ ናቸው። ጥሪ ግን ብዙም አልነበረም።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደተለመደው ጭር አለ። ሦስቱን መስመሮች አገናኘሁ… ጮሌ፣ አርቦዬ፣ አቦምሳ። አራታችንም በየስልክ ቤታችን ማዳመጫችንን አጥልቀን ወሬ ጀመርን። «የሽቦ ማኅበር» ብሎ ስም ያወጣልን ይርሳው ነው፣ የአቦምሳው። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ፊት ለፊት ግን ተያይተን አናውቅም። የማውቀው ሳቃቸውን ነው። ሳላቸውንም።

የአርቦዬው ቱሳ ጥርሱን አሞታል። ይርሳው በሙቀት አልቋል፤ «ብርድሽን በጆንያ ላኪልኝ» ይለኛል። የጮሌዋ ኢፍቱ ስለ ወንድሟ ስለ ከዲሮ ጀመረች። ከአስተማሪነቱ ከተባረረ ወዲህ አቦምሳ ወርዶ ቱፋ የሚባል እህል ነጋዴ ዘንድ ሥራ ይዟል። እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ነው የሚያድረው…

ይርሳው አቋረጣት። «ጮሌ! ደንብ!»

«እሺ፣ እሺ… አፌ ነው።»

ደንቡን ያወጣነው መስከረም ላይ ነው። ሰው በየመንገዱ ወድቆ መገኘት ሲጀምር። የሰው ስም መስመር ላይ አይጠራም፤ እኛም በየከተማችን ስም ነው የምንጠራራው። ሰው ሲነጋገር የሰማነውን ለማንም አናወራም፣ ለእርስ በርሳችንም ቢሆን። የቀረ ካለ ለምን ቀረ አይባልም። የማናውቀው ትንፋሽ ከገባ ደግሞ አንዱ «መስመሩ ሻከረ» ይላል፣ ሁሉም ይነቅላል።

ይህንን መጻፌ ራሱ እብደት ነው። ግን ለማን ልንገረው? ደብተሩን የገብሱ ጆንያ ውስጥ ነው የምከተው።

ሐሙስ፣ ጥር 18



አራት ሰዓት ላይ ያ ሁልጊዜ የሚደውለው ወፍራም ድምፅ አዲስ አበባን ጠየቀ። የየትኛው ቢሮ ድምፅ እንደሆነ እዚህም አልጽፍም። አገናኘሁት። መስመሩ መያዙን ለማወቅ አንድ አፍታ ማዳመጥ ግድ ነው። አንድ አፍታ ብቻ።

«የአቦምሳው የስልክ ቤት ልጅ ነው ለአናርኪስቶቹ መልእክት የሚያቀብለው። ነገ ጠዋት ሥራ ሳይገባ እናነሳዋለን።»

ማዳመጫውን አወለቅሁ። አለቃዬ አቶ ገብረ መድህን «ምነው ፊትሽ?» አሉኝ። ብርድ ነው አልኳቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ይርሳው ፍየል ገብታ የጥሪ መዝገቡን ግማሽ ገጽ እንደበላችበት ያወራል። ኢፍቱ በሳቅ ሞተች። ቱሳ ጥርሱን ይዞ ይስቃል።

«አሰላ፣ ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አለኝ ይርሳው።

«ራሴን አሞኝ ነው። አንተ… ነገ ምን ትሠራለህ?»

«ምን እሠራለሁ? ሥራዬን ነዋ!»

 ቻው ተባብለን ነቀልን።

የሰማነውን አናወራም ነው ደንቡ። መጀመሪያ ያነሳውም ራሱ ይርሳው ነው። ግን ለብቻው ልደውልለት እችል ነበር። አሁንም እችላለሁ? አይ፣ አሁን ቤቱ ገብቷል፤ ቤቱ ስልክ የለውም።

ደንቡን አክብሬ ነው ወይስ ፈርቼ?

ዓርብ፣ ጥር 19

አቦምሳ እስከ ረፋዱ አልመለሰም። አምስት ሰዓት ላይ የማላውቀው ወንድ አነሳ። «ምን ፈለግሽ?» ብቻ አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሆንን። ቱሳ «አቦምሳ…» ብሎ ጀመረና ተወው። የቀረ ሰው አይጠየቅም። የኢፍቱ ልቅሶ ይሰማኛል። አፏን በእጇ ይዛ ነው፣ ግን ይሰማል።

እኔ አላለቀስኩም። የማለቅስበት ፊት የለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 23

አዲስ ድምፅ። ሴት ናት።

«አቦምሳ ነኝ። አልጣሽ እባላለሁ። ከናዝሬት ተዛውሬ ነው።»

ስሟን እንዲህ በአደባባይ! ቀጠለችና «እዚህ ይርሳው የሚባል ነበር አሉ፤ ምን ሆኖ ነው የሄደው?» አለች። 

«መስመሩ ሻከረ» አለ ቱሳ። ሦስታችንም ነቀልን።

ይርሳው በተወሰደ በአራተኛው ቀን ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል? ማንን ያስቀምጣሉ?

ዓርብ፣ ጥር 26

ጓድ ወልደጻድቅ ስልክ ቤት መጣ። የፖለቲካ ኃላፊያችን። አቶ ገብረ መድህን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ በእድሜ አባቱ ይሆናሉ። ስለ ንቃት፣ ስለ አናርኪስት፣ ስለ ምስጢር መጠበቅ ለአንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞረ።

«ጓዲት ፋናዬ። መስመር ላይ ማኅበር አላችሁ አሉ።»

«ቀልድ ነው ጓድ። ሥራ ሲቀንስ ደህና ዋላችሁ እንባባላለን።»

«ደህና መዋል ጥሩ ነው» አለና ወጣ።

ማን ነገረው? ይርሳው ይሆን? ውስጥ ምን እያደረጉት እንደሆነ ማን ያውቃል… ወይስ ያቺ ሴት? ቱሳ እሷ ናት ብሎ ምሏል። 

ሐሙስ፣ የካቲት 2

ከማኅበሩ ሁለት ቃል እንኳ አልቀረም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዝም ብለን እንቀመጣለን።

ዛሬ አልጣሽ አንድ የነጋዴ ጥሪ አስገናኘችኝ። ሲያልቅ አልነቀለችም።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ሥራ ካልሆነ አልችልም።»

«እንደምትፈሩኝ አውቃለሁ። እኔም እናንተን እፈራለሁ። እዚህ ወንበር ላይ የነበረውን ሰው ወስደውታል። ማን እንዳጋለጠው አላውቅም። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ብትሆኑስ?»

ነቀልኩ። ከዚያ ገመዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔ አላጋለጥኩትም። ግን ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

ይህችን ሴት ማመን አለብኝ? ማጥመጃ ቢሆንስ? እንዲህ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ያላቸውን ነው የሚልኩት ይላሉ…

ሰኞ፣ የካቲት 6

ሁሉንም እንደሆነው ልጻፈው።

አራት ተኩል ላይ ወፍራሙ ድምፅ አቦምሳን ጠየቀ። አገናኘሁ። በዚህ ጊዜ ግን ሆን ብዬ ነው ያዳመጥኩት።

«ከዲሮ የሚባል፣ የተባረረ አስተማሪ። ከጮሌ ወርዶ እናንተ ዘንድ ተደብቋል። ዛሬ አፈላልጉት። ቢመሽም ነገ ገበያ ላይ አይጠፋም።»

የኢፍቱ ወንድም። የት እንደሚያድር ደግሞ አውቃለሁ። ኢፍቱ ራሷ ነግራናለች… ያን ቀን፣ ይርሳው ሲቆጣት።

ለኢፍቱ ልንገራት? እሷ ጮሌ ሆና ምን ታደርጋለች? ወደ አቦምሳ የሚደውል ሁሉ በአልጣሽ እጅ ነው የሚያልፈው። ሌላ መንገድ የለም። ለከዲሮ የሚደርስለት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ የምፈራው ሰው ነው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ።  ይርሳው «ሥራዬን ነዋ!» ሲለኝ ይሰማኛል። አምስት ተኩል ላይ አቶ ገብረ መድህን ወደ ውጭ ወጣ አሉ። ሰካሁ።

«አቦምሳ።»

«አልጣሽ… ፋናዬ እባላለሁ። አሰላ ነኝ።»

«እሺ እህቴ» አለች። 

«ቅድም ያገናኘሁትን ሰምተሻል?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እዚህ ተቀምጬ ነው። ሰውየውን አላውቀው፣ ቤቱን አላውቀው። ለማን ልንገር? አንቺን ልጠይቅ ፈልጌ… ፈራሁሽ።»

«የእህል ነጋዴው የቱፋ መጋዘን።»

«ቱፋ? ከእኛ በር ማዶ ያለው? ጆንያ ሲያወርዱ ከዚህ ይታየኛል!»

«ሂጂ እንግዲህ። ግን ብትያዢስ?»

«አንቺስ ብትያዢ?»

 መልሴን አልጠበቀችም። ማዳመጫዋን ስታስቀምጥ ሰማሁ። ከዚያ ወንበር ሲጎተት። ከዚያ በር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ስድስት ሰዓት ላይ ወፍራሙ ድምፅ አቦምሳን ጠየቀ። ማዳመጥ አላስፈለገኝም፣ ጩኸቱ ማዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እንኳ ይሰማል።

«እንዴት አመለጠ? ማን ነገረው?»

አምልጧል! ደስታዬ አንድ አፍታ ነበር። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ገባኝ። ማን ነገረው።

ኢፍቱ ምንም አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ለሥራ ስትደውል ዶሮዋ ስንት ጫጩት እንደፈለፈለች ነገረችኝ። «በጣም ጥሩ» አልኳት። ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅሁትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ተጠራሁ። ጓድ ወልደጻድቅ የአቶ ገብረ መድህንን ወንበር ይዟል። ፊት ለፊቱ የጥሪ መዝገብ ተዘርግቷል።

«ሰኞ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ለአቦምሳ ደውለሻል። ደንበኛ የለበትም። ምን አልሽ?»

መዘገብኩት እንዴ? አልመዘገብኩም። የአቦምሳው መዝገብ ነው፤ አስመጥተውታል። አልጣሽ ከልማዷ ጽፋዋለች ማለት ነው… ወይስ ሆን ብላ?

«መስመር ስሞክር ነው ጓድ።»

«አልጣሽ ሌላ ነገር ነው የተናገረችው።» ፈገግ አለ። «ሁሉንም ነግራናለች። ለራስሽ እዘኚ።»

 ልናገር አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ልናገር ነበር። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ያ በር ሲከፈት የሰማሁት። ልታጠምደኝ ቢሆን ኖሮ ተነስታ ለምን ትሄዳለች?

«ያለችውን አላውቅም። እኔ የሞከርኩት መስመር ነው።»

አቶ ገብረ መድህን በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ሃያ ዓመት እዚህ ሲሠሩ ለማንም ቀና ብለው መልሰው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያዘዝኳት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ… ጓድ። ጠዋት መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ሞክሪው አልኳት።»

«እርስዎ?»

«እኔ። የእኔ ፊርማ ይበቃል ካሉ እፈርማለሁ።»

ፈረሙ።  ጓድ ወልደጻድቅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሲሄድ እግራቸው ላይ ልወድቅ አሰብኩ። አላዩኝም። መስኮቱን እያዩ «ከእንግዲህ ማኅበር የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አሉኝ። «ልጆች አሉኝ፣ ፋናዬ።»

ረቡዕ፣ የካቲት 15

ከማዞሪያው በላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከሥራ ውጭ የሚነጋገር በአብዮታዊ ሕግ ይቀጣል። አንድ አብዮት ጠባቂ በሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

ቱሳ በአንድ ቃል ነው የሚመልሰው። «አርቦዬ።» ይነቅላል። ጥርሱ ድኖ ይሆን? መጠየቅ አይቻልም።

ከሰዓት በኋላ ኢፍቱ አንድ ጥሪ ጠየቀችኝ። ሳገናኝላት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በኦሮምኛ «ገለቶሚ» አለች። አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። «እናቴ ደብዳቤ ደርሷታል።» ከዲሮ ጽፏል ማለት ነው። ከዚያ ጮክ ብላ «ጥሪዬን ጨርሻለሁ!»

ማን ነገራት እኔ እንደሆንኩ? ጠባቂው ቀና ብሎ አየኝ። መዝገቡ ላይ አቀረቀርኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 28

አልጣሽ ሁለት ቀን ታስራ ተፈታለች። ይህን ያወቅሁት ከአቦምሳ ከመጣ ሹፌር ነው። አንዲት ቃል አላወጣችም አለ። «ያቺ የስልክ ቤቷ ሴት ድንጋይ ናት» ይሏታል አለ።

ሹፌሩ ሌላም ነገረኝ። ይርሳው አለ። እዚሁ አሰላ፣ እስር ቤቱ ውስጥ። እህል የሚያደርስለት ሰው የለውም፤ ቤተሰቡ ሩቅ ነው።

ሃምሳ ምናምን ቀን ሙሉ ከእኔ አስራ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ…

አይ፣ አርባ ቀን ነው። መቁጠር እንኳ ጠፋኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 3

በዚያው ሹፌር ተላልከን፣ አልጣሽ ለሐኪም ብላ ፈቃድ ወስዳ መጣች። አውቶቡስ ተራ ጠበቅኋት። በድምፅዋ ረጅም ወጣት አድርጌ ነበር የሳልኳት። አጭር ናት፣ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ግራ ዓይኗ ሥር አሮጌ ቢጫ ሰንበር አለ። «ፋናዬ?» ስትል ግን አቀፍኳት።

ለይርሳው ያዘጋጀሁትን ምሳ ዕቃ ይዘን ወደ እስር ቤቱ ሄድን። መንገድ ላይ ነገርኳት። «ሐሙስ ዕለት ሰምቼ ነበር። ይርሳውን ሊወስዱት አንድ ቀን ሲቀራቸው። አልነገርኩትም።»

ቆመች።  ምንም አይደለም አላለችኝም። «ለእሱ ንገሪዋ፣ የሚወጣ ቀን» አለችና መራመድ ጀመረች። ተከተልኳት።

በሩ ላይ ሰልፍ ነው። ጠባቂው ደብተር ይዞ ይጽፋል። የሚመጣው ሰው ሁሉ ስም ይመዘገባል፤ ለዚያ ነው ብዙ ሰው የማይመጣው። ተራችን ደረሰ።

«ለማን ነው?»

«ይርሳው። የአቦምሳው።»

«ምኑ ነሽ?»

«እህቱ» አለች አልጣሽ። ስሟን ሰጠች።

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

 ጓድ ወልደጻድቅ ይህን ደብተር ያየዋል። ነገ ያየው ይሆናል።

«እኔም እህቱ ነኝ። ፋናዬ ኃይለየሱስ። ስልክ ቤት ነው የምሠራው።»

ጻፈው። ምሳ ዕቃውን ወሰዱት። አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆምን። ሲመለስ ባዶ ነበር፣ ተጠርጎ የተበላ። አልጣሽ ክዳኑን ከፍታ አየችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አሁን ቤት ነኝ። እያንዳንዱ የእግር ኮቴ ያስደነግጠኛል። የመጣው ቢመጣ ግን ምስር ለቅሜ አስቀምጫለሁ፣ ለሚቀጥለው እሑድ።