የግራ ጆሮዬ

መስከረም 28
የወይዘሮ ሮማነወርቅን መጋረጃ ሰፍቼ ጨረስኩ። ማናሴ ለምሳ መጣ። ከተጋባን ጀምሮ ሁሌ በቀኜ ነው የሚቀመጠው። ግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ ያውቃል... ይሸታል ብዬ እንደምፈራስ ያውቅ ይሆን?

ጥቅምት 3
ጉንፋን ያዘኝ። ጆሮዬም ፈሰሰ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ደንበኛ ልትለካ ስትመጣ ጆሮዬ ውስጥ የወተፍኩትን ጥጥ ቀየርኩ፤ ጎንበስ ማለት ግን አሳፈረኝ። ማታ ማናሴ፣ «ሱቁ ይዘጋና ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሂድ» አለ። እሺ አልኩ... ዛሬ ምን አገኘኝ?

ጥቅምት 4
የጆሮ ሐኪሟ ዶክተር ሶፊ ትባላለች። አጽድታ አየችው። የጆሮዬ ታምቡር ቀዳዳ አለው። ጠብታ አዘዘችልኝ።

ጥቅምት 5
ጋደም አልኩና ማናሴ ጠብታውን ጨመረልኝ። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮዬን መረረኝ። ጆሮ የገባ መድኃኒት አፌ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥቅምት 14
ለዶክተር ሶፊ ምሬቱን ነገርኳት። ሳቀች፤ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው፣ ጥሩ ነው አለች። ሥዕል ሥላ አሳየችኝ። ከታምቡሩ ኋላ ትንሽ ክፍል አለች። ከእሷ ቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ጀርባ ይወርዳል። ስንውጥና ስናዛጋ ተከፍቶ አየር ያስገባል። የሕፃን ቱቦ አጭርና የተጋደመ ነው... ጉንፋን ሲይዘው አብጦ ይደፈናል። ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ይመግላል፣ ታምቡሩን ቀድዶ ይወጣል። የኔም እንዲያ ሳይሆን አይቀርም አለች።
ወንዝ በመዋኘቴ አልነበረማ! ስንት ዓመት ተወቀስኩበት...
ቀዳዳው ሳይደፈን ከቆየ መፍሰሱ ይመላለሳል፤ አጥንት የሚበላበት ጊዜም አለ አለች። በቀዶ ጥገና ይሸፈናል። ጭራሽ ብደነቁርስ? ብዬ ጠየቅኳት።
«ሊያጋጥም ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን አያጋጥምም።»
አለመዋሸቷን ወደድኩት።

ኅዳር 2
ጆሮዬ ደርቋል። አሰላ ለእማዬ ደወልኩ። ስለ ቀዶ ጥገናው ስነግራት መጀመሪያ አታስነኪው አለች። የቱቦውን ነገር አስረዳኋት።
«ወንዙ አይደለም ማለት ነው? እኔ እኮ ልብስ ላጥብ ብዬ ነው ይዤሽ የወረድኩት።»
«አይደለም እማዬ።»
ለካ እሷም ራሷን ስትወቅስ ኖራለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ሂንሶዳቲን አለችኝ። በኦሮምኛ አትፍሪ ማለቷ ነው። አሁን በእውነት ቀለለኝ።

ታኅሣሥ 8
ተሠራልኝ። ዶክተር ሶፊ ከጆሮዬ ጀርባ ስስ ሽፋን ወስዳ ቀዳዳው ላይ ለጠፈችበት። በኃይል መናፈጥ ክልክል። ማስነጠስም አፍ ከፍቶ። ማናሴ ሾርባ ሠራ። ጨው በዝቶበታል... ጨረስኩት።

የካቲት 20
ልጥፉ ይዟል! ድምፅም በግራ እየገባ ነው። ሙሉ በሙሉ አይደለም... ይበቃኛል። ዶክተር ሶፊ አሁን መንገድ መሄድ ትችያለሽ አለችኝ።

መጋቢት 11
እማዬን አይቼ ከአሰላ ተመለስኩ። በሚኒባስ ቁልቁለቱን ስንወርድ ግራ ጆሮዬ ጥርቅም አለ። ደነገጥኩ። ድሮ የሚደፈነው ቀኙ ብቻ ነበር... ተበላሸ? ጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ጆሮዬን ይዤ ሲያዩኝ፣ «ቁልቁለቱ ነው ልጄ፤ ምራቅሽን ዋጥ አድርጊ» አሉኝ።
ዋጥ አደረግኩ። ቷ ብሎ ተከፈተ። የሚኒባሱ ሞተር፣ የሰው ወሬ፣ ሁሉም በግራዬ ገባ።
ቀዳዳ ቢኖረው አየሩ በዚያው እየሾለከ መቼ ይደፈን ነበር? ሰው ሁሉ በዚህ መንገድ ጆሮዬ ተደፈነ እያለ ያማርራል። እኔ ዴራ ከተማ እስክንደርስ እየዋጥኩ፣ እንደገና እስኪደፈን እየጠበቅኩ፣ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ።